የማይለቅ ቀለም

በማቅለሚያ ቤት የሚሠራ ሰው ሁለት ቆዳ አለው። አንዱን እናቱ ሰጥታዋለች፣ ሌላውን ገንዳው። ጥፍሩ ሰማያዊ ያልሆነ፣ አንገቱ ላይ ቢጫ ያልተረጨበት፣ ክርኑ ያልጠቆረ ሰው እዚያ ቤት ካለ፣ ከገባ ሳምንት ያልሞላው አዲስ ነው። ጓንት አለ፣ ሽርጥ አለ፣ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ አለ። ቀለም ግን እንደ ወሬ ነው፤ መግቢያ አያጣም። ሽርጡን አልፎ፣ ሸሚዙን አልፎ ገላ ላይ ያርፋል። ሁለት ሳምንት ይቀመጥና ይሄዳል። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ሰው ገላው ላይ ቀለም ቢያይ አይደነግጥም። ስሕተቱ የመጣው ከዚህ ነው።

እዚያ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ ዳኛ ይሏታል። የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ስሙ የወጣላት በቀለም ላይ ስለምትፈርድ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ክር ከገንዳ ሲወጣ «በቃው» ወይም «ይመለስ» የምትለው እሷ ናት። ሥርዓቷ አንድ ነው። ገንዳ ውስጥ ያለ ቀለም እያየች አትፈርድም። ከጥቅሉ ጥቂት ክር ትቆርጣለች፣ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ መስኮት ዳር ወስዳ በቀን ብርሃን ታያለች። ከዚያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ታሸዋለች። ጨርቁ እንደነጣ ከቀረ ቀለሙ ይዟል። ጨርቁ ከቀለመ ቀለሙ ይለቃል፤ ክሩ ወደ ገንዳው ይመለሳል።

የማቅለሚያ ቤቱ ባለቤት አንዳንድ ቀን እየተጣደፈ ይመጣል።

«የጭነት መኪናው ደጅ ቆሟል። በዓይንሽ አየት አድርጊና ልቀቂው።»

«ዓይኔ ውሸታም ነው» ትለዋለች። «ናሙናው ይናገር።»

ሰውየው ያጉረመርማል። አልፏት ግን አያውቅም።

ዳኛ ከስምንት ዓመት በፊት ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ወጥቶባት ነበር። ሐኪሞቹ እጢውን ቆርጠው አወጡ፣ ጡቷን አተረፉላት፣ ከዚያ አምስት ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ ደረቷን በጨረር አከሙላት። ዳነች። አምስት ዓመት በቀጠሮዋ እየሄደች ታየች። ከዚያ ቀጠሮው እየራቀ መጣ፣ እሷም ከነጭራሹ ተወችው። የሕክምና ፋይሏን ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጠችና «ከእንግዲህ ተፋተናል» አለች።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቤት ውስጥም ሾፌር ነው የምትለው።

«ፍቺ በአንድ ወገን አይጸናም» አላት ያን ቀን።

ሾፌር ብዙ አይናገርም። የተናገረው ግን ሰንብቶ ይደርሳል።

ጡቷ ላይ የወጣችውን ነጥብ መጀመሪያ ያየቻት ቁንዶ ናት። ቁንዶ የቁንዶ በርበሬ ማሳጠሪያ ነው። ሴትዮዋ አጭር ናት፣ ምላሷ ያቃጥላል፣ ከዳኛ ጋር አንድ ገንዳ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ሠርተዋል። አንድ ጠዋት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ ዳኛ ሸሚዟን ስታወልቅ ቁንዶ ዓይኗን አፈጠጠች።

«አንቺ! ወይን ጠጅ ገንዳ ውስጥ ስትዋኚ አደርሽ እንዴ?»

ዳኛ ጎንበስ ብላ አየች። ግራ ጡቷ ላይ፣ ከድሮው ጠባሳ አጠገብ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ወይን ጠጅ ነጥብ አለች።

«ረጭቶኝ ነው።»

«ሽርጡን ለጌጥ ነው የምታስሪው?»

«ያንቺ ምላስ የበሳውን ሽርጥ ቀለም ቢያልፈው ምን ይገርማል።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ዳኛም ሳቀች፤ ሸሚዟን ቆለፈች፤ ወደ ገንዳዋ ሄደች። ማታ በሳሙናና በሎሚ አሸችው። አልወጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ቆዳም አንዳንዴ እንደዚያ ነው ብላ ተወችው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አልሄደም። አራት ሳምንት አለፈ። እንደገና ረጭቶኝ ይሆናል አለች። አያማትም፣ አያሳክካትም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ነጥቧ ሳንቲም አከለች፣ ጠርዟ ጠቆረ፣ በጎኗም ሌላ ሚጢጢ ነጥብ ብቅ አለች። ዳኛ ይህን አይታለች። አይታ ግን በሸሚዟ ሸፈነችው። ሰው ክርን ሃያ ስድስት ዓመት ሲመረምር ኖሮ ገላው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ጉዳዩን የገለጠው አንድ ትእዛዝ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ባለቤቱ መጥቶ ወይን ጠጅ ክር እንደሚፈለግ ተናገረ። ቁንዶ ወደ ቀለም መደርደሪያው ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ወይን ጠጅ የለንም። ካለቀ ሦስት ወር ሆኖታል።»

«ሦስት ወር?» አለች ዳኛ።

«ረሳሽው? ከዚያ ወዲህ አረንጓዴና ቡናማ ብቻ አይደል እንዴ የምናቀልመው። ያ ቡናማ አፍንጫዬን ሁሉ አጨቅይቶት…»

ዳኛ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ነጭ ጨርቅ አነሣች፣ የአልኮል ጠርሙሱን አነሣች፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። መስኮቱ ሥር ቆማ ሸሚዟን ከፈተች። ጨርቁን በአልኮል አረጠበችና ነጥቧን አሸች። መቶ ድረስ እየቆጠረች አሸች። ከዚያ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አነሣችው።

እንደነጣ ነው። አንዲት ክር እንኳ አልቀለመችም።

ክር ላይ ቢሆን ይህ ሙገሳ ነው። «ይዟል፣ ይለፍ» ትል ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ከስምንት ዓመት በፊት የጨረር ሕክምናዋን ስትጨርስ ሐኪሟ የነገረቻት ቃል፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተኛ እንጃ፣ ተነሣ፦ «ጨረር ያለፈበትን ቆዳ ዕድሜ ልክዎን ይዩት። አዲስ ቀለም ካዩበት አይጠብቁ፤ ይምጡ።» ቃሉን ሰምታው ነበር። ማቅለሚያ ቤት የምትሠራ ሴት አዲስ ቀለም የምታየው በየቀኑ መሆኑን ግን ሐኪሟም እሷም አላሰቡትም።

ሽርጧን ፈትታ ሰቀለችና የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ወጣች። ባለቤቱ ስትወጣ አይቶ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ቤት ስትደርስ ሾፌር ጋዜጣ እያነበበ ነበር።

«ፋይሉን አውርድልኝ» አለችው።

የቱን ፋይል አላላትም። ወንበር ስቦ ወጣ፣ አወረደ፣ አቧራውን በክንዱ ጠረገ። ሸሚዟን ገልጣ አሳየችው። ረጅም ጊዜ አየ።

«ቀለም አይደለም?»

«አይደለም። ፈትኜዋለሁ።»

«እንሂድ።»

«ነገ ጠዋት ይሻላል፣ ሰልፍ…»

«ክሊኒኩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው» አለና ጫማውን ማድረግ ጀመረ። «ሠላሳ ዓመት ስነዳ ነገ የሚሄድ ተሳፋሪ አሳፍሬ አላውቅም።»

የሰፈሩ ክሊኒክ ሐኪም ወጣት ነው። ዓይኑ ሥር ድካም አለ፣ ደጅ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ይጠብቀዋል። ነጥቧን አየ፣ በጣቱ ጫን ጫን አደረጋት።

«ያማል?»

«አያምም።»

«ሥራዎ ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«ማቅለሚያ ቤት።»

«ከባድ ነገር ያነሣሉ?»

«እርጥብ ጥቅል ደረቴ ላይ አቅፌ አወርዳለሁ።»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «እንግዲያው ተገኘ። በልዞ ነው። ጨረር የነካው ቆዳ ስስ ነው፣ በትንሽ ነገር ይበልዛል። ቅባት አዝዝልዎታለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ይምጡና አየዋለሁ።»

ሾፌር እፎይ ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ኮፍያውንም አደረገ። ዳኛ ግን አልተነሣችም። ልቧ ውስጥ «ሰማሽ? በልዞ ነው፣ ተነሺ» የሚል ድምፅ ነበር፤ ከዚያ የሚጣፍጥ ድምፅ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። በሩ ሁለት እርምጃ ነው። ቅባቱን ይዞ መውጣት ነው። ሦስት ወር እንደ ሰው መተኛት ነው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን አየች።

«ዶክተር፣ አሁን በምን ፈረዱ?» አለች።

«እንዴት?»

«በዓይንዎ ነው የፈረዱት?»

«በዓይኔም በእጄም። እናቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በልዞ ነው።»

«አብዛኛው ጊዜ ደጅ ላይ ተሰልፏል፤ እሱን በኋላ ያዩታል። እኔ አንድ ሰው ነኝ። የበለዘ ቦታ በስድስት ሳምንት ይጠፋል ወይስ ይሰፋል?»

የሐኪሙ እስክሪብቶ ቆመ። «ስድስት ሳምንት ነው ያሉኝ?»

«ስድስት። መጀመሪያ ጥፍር ታክል ነበር። አሁን ሳንቲም አክላለች፣ በጎኗም ልጅ ወልዳለች።»

«ይህን መጀመሪያ አልነገሩኝም።»

«መጀመሪያ አልጠየቁኝም። አልቆጣሁም፣ እኔም ስድስት ሳምንት ራሴን አልጠየቅሁም። ግን እኔ ክር እንኳ ናሙና ሳልቆርጥ አሳልፌ አላውቅም። ከዚህ ላይ ናሙና ይቆረጥልኝ። እርስዎ የማይቆርጡ ከሆነ የሚቆርጥ ዘንድ ይጻፉልኝ። እስከዚያ አልነሣም።»

ሾፌር ኮፍያውን አወለቀና ተመልሶ ተቀመጠ። ወጣቱ ሐኪም እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ። አሁን ቀስ ብሎ ነው ያየው። ትንሿን ነጥብ ሲያገኛት ፊቱ ተለወጠ። የቅባቱን ማዘዣ ቀዶ ጣለውና ሌላ ወረቀት አወጣ።

«ልክ ነዎት» አለ እየጻፈ። ከዚያ ስልኩን አነሥቶ ለትልቁ ሆስፒታል ራሱ ደወለ። የዚያን ዕለት ያ ልጅ በዳኛ ዓይን ሰው ሆነ። ተሳስቶ የሚመለስ ሰው እንደ ልብ አይገኝም።

የሆስፒታሉ ሐኪም ያችው የድሮዋ ናት። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፣ እጇ ግን አልተንቀጠቀጠም። ቆዳውን አደንዝዛ ከትልቋም ከትንሿም ቁራጭ ወሰደች። ውጤቱ ዐሥር ቀን ይፈጃል አለች።

ዐሥሩን ቀን ዳኛ ሥራዋ ላይ ዋለች። ቁንዶ ነገሩን ስትሰማ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

«እኔ ነኝ ገዳይሽ። በቀልድ አዘናጋሁሽ።»

«አንቺ ባታይው መቼ አየው ነበር? ደግሞ ገዳይሽ ነኝ የምትይው ከሞትኩ ወዲያ ነው። ገና ቆሜአለሁ። አፍንጫሽን ጥረጊ፣ ቡናማ ሆኗል።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው። ካንሰር ነው። የድሮው ግን አይደለም። የድሮው ተመልሶ አልመጣም። ይህ አዲስ ነው፤ በቆዳ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚነሣ፣ ጨረር ካለፈበት ቦታ ላይ ከዓመታት በኋላ የሚወጣ። የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው፤ ከሺህ ታካሚ ሴቶች አንዷን ወይም ሁለቷን።

ሾፌር ኮፍያውን በእጁ ጨመቀው። «ያዳናት ነገር ነው የወጋት?»

«አዎ» አለች ሐኪሟ። ዓይኗን አልሰበረችም።



«ምን ያህል ሄዷል?» አለች ዳኛ።

«ክፉ ነው። አልዋሽዎትም። ግን ትንሽ ነው፤ ሳንባዎ ላይ የለም፣ ሌላ ቦታም አላየንም። ብዙ ጊዜ የሚመጡልኝ ጡቱ ሙሉ ጠቁሮ ነው። እርስዎ ሳይቃጠል በቅጠል መጥተዋል። ሦስት ወር ቆይተው ቢሆን…» አልጨረሰችውም። «ጡቱን በሙሉ አወጣዋለሁ፣ ዙሪያውን ያለውን ቆዳም ሰፋ አድርጌ። የሚሸፍነውን ቆዳ ከጭንዎ እወስዳለሁ።»

ዳኛ እጇን ጡቷ ላይ አደረገች። ስምንት ዓመት አትርፈውት አብሯት የኖረ ነው። ትንሽ ቆየችና እጇን አወረደች።

«ሲቆርጡ አይሰስቱ» አለች።

ሐኪሟ አልሰሰተችም። ቀዶ ሕክምናው አራት ሰዓት ፈጀ። ዳኛ ስትነቃ ደረቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ጭኗ እንደ እሳት ይለበልባታል፣ ሾፌር እግሯ ሥር ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶታል። ሕመሙ ሕመም ነው። ስለ እሱ ማውራት አይጠቅምም። የሚጠበቀው ሌላ ነበር፤ የተቆረጠው ቆዳ ጠርዝ ላይ ካንሰሩ አለ ወይስ የለም? ካለ፣ ሥሩ ቀርቷል ማለት ነው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሐኪሟ ወረቀት ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው። በሌሎቹ አምስት አልጋዎች ላይ ያሉት ሴቶች ቀና አሉ።

«ጠርዙ ንጹሕ ነው» አለች ሐኪሟ።

«ዙሪያውን?»

«ዙሪያውን።»

«ከሥሩስ?»

«ከሥሩም። ከላይም፣ ከታችም፣ በሁሉም በኩል ንጹሕ።»

ሾፌር ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ከዚያ ሆስፒታሉ ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ተሰማ። ሰውየው ሠላሳ ዓመት የነዳውን የአውቶቡስ ጥሩምባ በአፉ ነፋው። አንዴ አጭር፣ አንዴ ረጅም፣ ከዚያ እንደገና ረጅም። ሕመምተኞች ከየክፍሉ ብቅ አሉ። አንዲት ነርስ እየሮጠች መጣች።

«አባቴ! ሆስፒታል ነው እኮ!»

«አውቃለሁ» አለ እንባውን እየጠረገ። «ተሳፋሪዬ ወረደች፣ በሰላም።»

«ገና አልወረድኩም!» ብላ ዳኛ ከውስጥ ጮኸች። «መቀመጫዬን ለማንም እንዳትሰጥ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛ የቆዳዋን ስፌት ይዛ፣ እያመማትም ሳቀች።

በአራተኛው ወር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ግራ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነሣው፤ ጥቅል አታነሣም። ዓይኗ ግን እንደነበረ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ገንዳ ክር ወደ ኋላ መለሰች። ባለቤቱ ራሱን ያዘ።

«ታማ የምትለዝብ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ብሳለች!» አለች ቁንዶ፣ ማቅለሚያ ቤቱ እስኪያስተጋባ። ባለ ቦይለሩ፣ ቀላቃዮቹ፣ አድራቂዎቹ፣ ሁሉም አጨበጨቡ። ክራቸው የተመለሰባቸው ሰዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ቀጠሮዋን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጓደለችም። መጀመሪያ በየሦስት ወሩ፣ ኋላ በየስድስት ወሩ። ደረቷ ይታያል፣ ሳንባዋ በራጅ ይነሣል፣ ቀኝ ጡቷም ይመረመራል፤ አንዱ የታመመበት ሰው ሌላውንም መጠበቅ እንዳለበት ነግረዋታል።

ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓመት በሞላት ቀን ከሾፌር ጋር የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ውጤቷን ትጠብቅ ነበር። አጠገቧ ራሷን በሻሽ የጠቀለለች ወጣት ሴት አለች። አንድ ወረቀት እጇ ላይ አጥፋ አጥፋ ጥፍር አሳክላዋለች። ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ እንደገና ትነሣለች።

«የመጀመሪያ ቀንሽ ነው?» አለቻት ዳኛ።

«የጨረር፣ አዎ። ግን ወደ ቤቴ ልመለስ ነው።»

«ለምን?»

«ጨረሩ በኋላ ሌላ ካንሰር ያመጣል አሉኝ።» ልጅቷ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ውሸት ነው፣ አይደል እትዬ?»

ሾፌር ጉሮሮውን ጠረገ። ዳኛ ባሏን አላየችውም።

«እውነት ነው» አለች። «ለጥቂት ሰው። እኔ ከጥቂቶቹ አንዷ ነኝ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አነሣች።

«ቁጭ በይ። ግማሽ ፍርድ ሰምተሽ አትሂጂ።»

ልጅቷ ተቀመጠች። ግን ጫፉ ላይ ነው።

«ያኔ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ይታከሙት ነበር?» አለች።

ዳኛ መልሱን ከአፏ ሳይሆን ከሆዷ ልታወጣው ፈለገች።

«የመጀመሪያው ካንሰር ከያዘኝ ዐሥር ዓመት ሆነኝ። በዐሥሩ ዓመት ልጄን ድሬአለሁ። ሁለት የልጅ ልጅ ታቅፌአለሁ። እናቴ እኔን ከምትቀብር እኔ እሷን በክብር ቀብሬአለሁ። ይህ ሰውዬ ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል ችዬዋለሁ።»

«እሱ ከካንሰሩ ይከብዳል» አለ ሾፌር።

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች።

«ዐሥሩ ዓመት ከሰማይ አልወረደም» አለች ዳኛ። «ቢላውና ጨረሩ ናቸው የሰጡኝ። ኋላ የመጣውን ደግሞ ገላዬን አይቼ ያዝኩት። ዘግይቼ ነው ያየሁት፤ አንቺ አትዘግዪ። ካንሰር በደጄ ሁለት ጊዜ መጣ። ሁለቴም ቆማ የቀረችው እኔ ነኝ። ስለዚህ እታከመው ነበር። ዛሬም ቢሉኝ እታከመዋለሁ። የኔ ደረትና ያንቺ ደረት ግን አንድ አይደለም። ሐኪምሽን ፊት ለፊት ጠይቂያት። ሳይገባሽ አትግቢ፣ ሳይገባሽም አትሂጂ።»

ነርሷ ዳኛን ጠራቻት። ገባች። ሐኪሟ ፊልሙን መብራት ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አሳየቻት፣ ቆዳዋን በጣቷ ዳበሰች፣ ቀኝ ጡቷንም አየች።

«ንጹሕ» አለች።

ዳኛ ስትወጣ የልጅቷ ወንበር ባዶ ነበር።

«ሄደች?»

«መጀመሪያ ሐኪሟ ዘንድ ገባች፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ…» ሾፌር የኮሪደሩን መጨረሻ በአገጩ ጠቆመ። ከከባዱ የጨረር ክፍል በር በላይ ቀይ መብራት በርቷል። «በሩን ራሷ ገፍታ ገባች። የአንቺስ?»

«ንጹሕ ነው።»

ሾፌር አፉን እንደ ጥሩምባ ሊያሾል ሲል ክንዱን ያዘችው።

«እዚህ አይደለም። ልጅቷን ታስደነግጣታለህ።»

«እስክትወጣ እንጠብቃት?»

ዳኛ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች።

«እንጠብቃታ» አለች። «ጊዜ እንደሆን አለን።»